ለወልዩ ወይስ ለሆቴሉ? የጉጃራት ሲዲዎች ጭፈራ ዛሬ

አንድ ዓይነት ቪዲዮ ከጊዜ ወደ ጊዜ በማኅበራዊ ሚዲያ ይዞራል። ጸጉራቸው ከርዳዳ፣ ቆዳቸው ጥቁር የሆኑ ወንዶች የጣዎስ ላባ ታጥቀው፣ ፊታቸውን በቀለም አዥጎርጉረው ይጨፍራሉ። አንዱ ኮኮናት ወደ ላይ ይወረውርና ሲመለስ በአናቱ ተቀብሎ ይፈረክሰዋል። ተመልካቹ ያጨበጭባል። ቦታው ምዕራብ ህንድ፣ ጉጃራት ነው። ሰዎቹ ሲዲ ይባላሉ። ድሮ ሀብሺ ይሏቸው ነበር። ቪዲዮው እኛ ሰፈር ሲደርስ ደግሞ «ደማችን ናቸው» የሚል አስተያየት አይጠፋበትም።

ስሜቱ ይገባኛል። ግን በቪዲዮው የምናየው ለቱሪስት ተብሎ የተቆረጠ አጭር ትርኢት ነው። ሙሉው ባህል ከዚያ በጣም ይሰፋል። በደቡብ እስያ የባህል ዘፈኖችና ጭፈራዎች ላይ የደረሰውን ነገር በደንብ የሚያሳይ ምሳሌ ፈልጉ ብባል እኔ ሲዲዎችን እመርጣለሁ። ጭፈራቸው አልጠፋም። እንዲያውም መድረኩ በዝቷል። እየሳሳ ያለው ዘፈኑ ነው። ለምን? መልሱ ያለው ጭፈራውን ማን ይጠራዋል፣ ማንስ ይከፍልበታል በሚለው ላይ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ስለ ሰዎቹ ጥቂት ልበል። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ኢትዮጵያውያን በባርነት ወደ ህንድ መወሰዳቸው የታወቀ ታሪክ ነው። ማሊክ አምባር በ1548 አካባቢ ኢትዮጵያ ውስጥ እንደተወለደ ይታመናል። በልጅነቱ ተሽጦ፣ ከጌታ ወደ ጌታ እየተላለፈ ደቡብ ህንድ፣ ዴካን ደረሰ። እዚያ የአህመድናጋር ሱልጣኔት የጦር መሪና እንደራሴ ሆነ። ሰሜን ህንድን ይገዙ የነበሩትን ሞጉሎችን ለዓመታት ተቋቁሞ በ1626 አረፈ። በአህመዳባድ ከተማ በድንጋይ መስኮቶቹ ጥልፍ የታወቀ አንድ መስጊድ አለ። በ1573 ያሠራው ሲዲ ሰዒድ የሚባል ሀብሺ ሹም ነው።

ዛሬ በጉጃራት መንደሮች የሚኖሩት አብዛኞቹ ሲዲዎች ግን የሚመጡት ከሌላ አቅጣጫ ነው። አያቶቻቸው በኋለኞቹ ዘመናት፣ በተለይ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከዛንዚባርና ዛሬ ታንዛኒያና ሞዛምቢክ ከምንላቸው አገሮች በመርከብ ተጭነው የመጡ ናቸው። የአረብ፣ የፖርቱጋልና የራሷ የጉጃራት ነጋዴዎች በዚህ ንግድ እጃቸው ነበረበት። በ2011 የታተመ የዘረመል ጥናትም የሲዲዎችን አፍሪካዊ ዝምድና ያገኘው ከባንቱ ሕዝቦች ጋር ነው። «ሀብሺ» የሚለው ስም ህንድ ውስጥ ቀስ በቀስ ከአፍሪካ የመጣን ሰው ሁሉ መጠሪያ ስለሆነ ነው እኛን የሚያሳስተን።

መሣሪያዎቻቸውም ወደዚያው ያመለክታሉ። ጭፈራው ዳማል ይባላል፤ ጎማም ይሉታል። ይህ ሁለተኛው ስም የስዋሂሊው ንጎማ ነው፤ ከበሮንም ጭፈራንም ይጠራል። ሙጋርማን የሚሉት ትልቅ ከበሮ እግር አለው፤ መሬት ላይ ቆሞ ይመታል። ሙሲንዶ ከእሱ ያነሰች ከበሮ ናት። በጨርቅ የተሸፈነ፣ ውስጡ ጠጠር ያለበት የኮኮናት ቅርፊት ደግሞ እንደ ጸናጽል ይንሿሿል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ማሉንጋ ነው። የታጠፈ የቀስት እንጨት፣ አንድ የተወጠረ ክር፣ ድምፅ የሚያጎላ ቅል፤ በቃ ይኼው ነው። የብራዚል የካፖዬራ ተጫዋቾች የሚይዙት ቢሪምባው ከዚህ ጋር ሲተያይ መንትያ ይመስላል። አንዱ አትላንቲክን ተሻገረ፤ ሌላው የህንድ ውቅያኖስን። ሁለቱንም ያሻገሯቸው በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ናቸው። ምንም ንብረት ይዞ የመሄድ መብት ያልነበረው ሰው መሣሪያውን በጭንቅላቱ ይዞ ሄዶ እዚያ ባገኘው እንጨትና ቅል እንደገና ሠራው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ዳማል ቤት አለው። ቤቱ በባሩች ወረዳ፣ በራታንፑር መንደር አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ የሚገኘው ባባ ጎር የተባለው ወልይ (ቅዱስ ሰው) መቃብር ነው። አካባቢው ከጥንት ጀምሮ አቂቅ በሚባል የጌጥ ድንጋይ የታወቀ ነው። ከዚያ የወጣ ድንጋይ በካምባት ከተማ ዶቃ እየሆነ ለብዙ መቶ ዓመታት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲላክ ኖሯል። ሲዲዎች እንደሚተርኩት ባባ ጎር ከሐበሻ ምድር የመጣ የጦር ሰውና የዶቃ ነጋዴ ነበር። መካ ላይ ከሱፊዎች ጋር ቆይቶ፣ ጉጃራት ውስጥ ሕዝቡን የምታሠቃይ አንዲት ጋኔን እንዲያሸንፍ ተላከ። ባባ ሀባሽ የሚባለው ወንድሙና ማይ ሚስራ የምትባለው እህታቸው ተከትለውት መጡ። ወንዶቹ ሴት ጋኔን ማሸነፍ አልቻሉም። ያሸነፈቻት ማይ ሚስራ ናት። እስከ ዛሬ የራሷ መቃብር፣ የራሷ ተሳላሚዎች አሏት። የጠጠሩ ጸናጽልም በስሟ ይጠራል።

ስለዚህ ዳማል መነሻው አምልኮ ነው። ለዚያራ (መቃብሩን ለመሳለም) የሚመጡት ሙስሊሞች ብቻ አይደሉም። ሂንዱዎችና የጥንቱን የፋርስ ሃይማኖት የሚከተሉት ፓርሲዎችም ይመጣሉ። መንፈስ ያስቸገረው፣ ልጅ ያጣ፣ ነገር የተጣመመበት ሁሉ ደጁን ይጠናል። ሲዲዎቹ የወልዩ ቤተሰብና አገልጋዮች ናቸው። በረከቱ በእነሱ በኩል ያልፋል ተብሎ ይታመናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እየተጠጋን ነው። ዳማል ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ተቀምጠው የሚሉት ነው። መሪው ግጥሙን ያነሳል፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ከበሮው ዝግ ብሎ ይጀምራል። የወሎን መንዙማ የሚያውቅ ሰው አቀማመጡንም ስሜቱንም በቀላሉ ይገምተዋል። ነቢዩ ይወደሳሉ፤ ቢላል ይነሳል፤ ባባ ጎርና ማይ ሚስራ ይጠራሉ። ቢላል የነቢዩ ሙአዚን የነበረው ሐበሻ ነው። ለሲዲዎች ትልቅ መኩሪያ ነው። ግጥሙ በጉጃራቲና በሂንዲ ነው። በየመካከሉ ግን የስዋሂሊ ቃላት ብቅ ይላሉ። ዘፋኞቹ ራሳቸው የብዙዎቹን ፍቺ አያውቁትም። ሲወርድ ሲዋረድ እንደመጣ ይሉታል እንጂ።

ሁለተኛው መልክ ቆመው የሚጨፍሩት ነው። ከበሮው ይፈጥናል፤ ክቡ ይጠብቃል፤ ጨፋሪው ከራሱ ይወጣል። ያን ጊዜ ወልዩ ራሱ በሰውየው አካል ውስጥ እንደተገኘ ይቆጠራል። ኮኮናት በአናት መፈርከሱም ከወልዩ የተሰጠ ኃይል ምልክት ሆኖ ነው የሚታየው። በመቃብሩ ግቢ ሁለቱ አይነጣጠሉም። መቀመጡ መነሳቱን ያዘጋጃል። ዘፈኑ የሌለበት ጭፈራ እዚያ ትርጉም አይኖረውም።

ታዲያ ምን ለያቸው? የደንበኛው መለወጥ ነው። ሲዲዎች ለብዙ ዘመን ሁለት ዓይነት ጠሪ ነበራቸው። አንደኛው ሰፈርተኛው ነው። ፋቂር (በምጽዋት የሚኖር የሃይማኖት ሰው) ሆነው በየቤቱ እየዞሩ፣ ለሠርግና ለልጅ መወለድ ዳማል እያሉ ምርቃትና ስጦታ ይለዋወጡ ነበር። ሌላው መሳፍንቱ ነው። እንደ ጁናጋድ ባሉ ትናንሽ ግዛቶች ሲዲዎች የቤተ መንግሥት ጠባቂዎችና አሽከሮች ነበሩ። ህንድ በ1947 ነጻ ስትወጣ ግዛቶቹ ተጠቃለሉ። ለቀድሞ ገዢዎች ይሰጥ የነበረው አበልም በ1971 ቀረ። ከመሳፍንቱ ጋር የሲዲዎቹ እንጀራም አብሮ ሄደ። ብዙዎቹ የቀን ሠራተኛ፣ ሾፌር፣ እንጨት ለቃሚ ሆኑ።

ከዚያ አዲስ ጠሪ መጣ፤ ቱሪዝም። ጃምቡርና ሲርዋን የሚባሉት የሲዲ መንደሮች የጊር ደን አጠገብ ናቸው። ጊር የእስያ አንበሳ ዱር ውስጥ የሚኖርበት ብቸኛ የዓለም ክፍል ነው። በ2025 በተደረገው ቆጠራ በዚያና በአካባቢው 891 አንበሶች ተገኝተዋል። አንበሳ ሊያይ የመጣ ቱሪስት ጠዋት በጂፕ ይዞራል። ማታ ሆቴሉ የሲዲ ዳማል ያሳየዋል። ቀን አንበሳ፣ ማታ «አፍሪካውያን»። ይህ ጥምረት ለእኔ በጣም ይከብደኛል። ለቱሪስቱ ሁለቱም የአንድ ጥቅል አካል ይሆናሉ። ሰው ከአውሬ ጋር ተደርቦ ለእይታ ይቀርባል።

ሆቴሉ ደግሞ የሚፈልገው ግልጽ ነው። አጭር፣ ፈጣን፣ ፎቶ የሚያምርበት። ተቀምጦ የሚባል ዘገምተኛ ውዳሴ እራት እየበላ ያለን ሰው አይይዘውም። ስለዚህ ላባው ይበዛል፤ የፊቱ ቀለም ይደምቃል፤ ኮኮናቱ ቶሎ ይመጣል፤ እሳትም ይጨመራል። ቱሪስቱ በጭንቅላቱ የያዘው የአፍሪካ ምስል አለ። ትርኢቱ ያንን ምስል እየመሰለ ይሄዳል። ባባ ጎር በመግቢያው ላይ በስም ይጠራ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ቦታ የለውም።

ይህ የሆቴሎች ጥፋት ብቻ ነው ማለት አልችልም። መንግሥትም የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል። የህንድ ሕግ ሲዲዎችን በጉጃራት፣ ከ2003 ጀምሮ ደግሞ በካርናታካ፣ ልዩ ድጋፍ ከሚደረግላቸው ጎሳዎች መዝግቧቸዋል። ምዝገባው ጠቅሟቸዋል። የትምህርትና የሥራ ኮታ አለው፤ ያለ እሱ ብዙ ልጆች ትምህርት ቤት ደጃፍ ባልደረሱ ነበር። ችግሩ በባህል ዝግጅቶች ላይ ነው። እዚያ «ጎሳ» ሲባል የሚጠበቀው ላባና ቀለም ነው። የሱፊ ዚክር፣ ማለትም ያንን የተቀመጠ ውዳሴ፣ የሚል ሰው «የጎሳ ጭፈራ» በሚል ርዕስ ሥር ሲቀርብ ዚክሩን ይተውና ላባውን ያጠብቃል።

የስፖርቱን ታሪክ ደግሞ እዩ። በ1987 የህንድ የስፖርት ባለሥልጣን ከሲዲ መንደሮች ልጆችን እየመለመለ ለአትሌቲክስ ማሠልጠን ጀመረ። መነሻው አፍሪካዊ አካል አላቸው፣ ስለዚህ ሜዳሊያ ያመጣሉ የሚል ግምት ነበር። አንዳንዶቹ ጥሩ ውጤት አመጡ። ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፕሮግራሙ ቆመ፤ ልጆቹም ወደየመንደራቸው ተመለሱ። ከመድረኩ ጭፈራ ጀርባ ያለውም ያው አስተሳሰብ ነው። የሚፈለገው ጉልበታቸው ነው። የሚሉትን የሚያዳምጥ የለም።

ወጣቶቹን ግን መውቀስ አልፈልግም። መንደሩ ሥራ የለውም። የማታ ትርኢት ጥሬ ገንዘብ ያመጣል። ባባ ጎር ደጅ ላይ የሚዘፍን ሽማግሌ ምርቃት ያገኛል፤ ምርቃት የልጅ ደብተር አይገዛም። ደግሞም መድረክ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሲዲ ጎማ የተባለ ቡድን እንግሊዝንና አሜሪካን ጨምሮ በብዙ አገሮች ታይቷል። በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች አብረዋቸው የሠሩት ናዚር ጃይራዝቦይና ኤሚ ካትሊን የተባሉ ባልና ሚስት የሙዚቃ አጥኚዎች ናቸው። የሲዲዎችን ዘፈን ለዓመታት ቀድተዋል፤ ማሉንጋን ለዓለም አሳይተዋል። ተመልካቹ ትዕግሥት ካለው፣ አስተዋዋቂው ደግሞ የሚያየው ነገር ምን እንደሆነ ከነገረው ዚክሩም መድረክ ላይ ይሠራል ማለት ነው። በጊር ሆቴሎች ይህ አልተሞከረም ወይም በቂ አልተሞከረም ባይ ነኝ።

ኪሳራው በተለይ ሁለት ቦታ ላይ ይታያል። አንዱ ማሉንጋ ነው። ድምፁ ቀጭን ነው፤ በከበሮና በማጉያ መካከል አይሰማም። ስለዚህ ትርኢቱ አያስፈልገውም፤ ወጣቱም አይማረውም። ዛሬ የሚጫወቱት እጅግ ጥቂት ናቸው። ሌላው ሴቶቹ ናቸው። በማይ ሚስራ ዙሪያ የሴቶች ዘፈንና ጭፈራ አለ። በታሪኩ ጋኔኗን ያሸነፈችው ሴት ናት። የሆቴሉ መድረክ ግን በብዛት የወንዶች ነው፤ ላባ የታጠቀ ጡንቻማ ወንድ ነው የሚፈለገው። እናቶች ለልጆቻቸው ያወርዱት የነበረው ዘፈን በገበያው ዋጋ አልወጣለትም። ለነገሩ የሲዲ ሴቶች ከጭፈራ ውጪ ብዙ ሠርተዋል። የጃምቡሯ ሂርባይ ሎቢ ሴቶችን በኅብረት አደራጅታ፣ የተፈጥሮ ማዳበሪያ እያዘጋጁ እንዲሸጡ አድርጋ፣ የሕፃናት መዋያ አቋቁማ በ2023 ፓድማ ሽሪ የተባለውን የህንድ የክብር ሽልማት ተቀብላለች። የሲዲ ስም ሲነሳ መጀመሪያ የእሷ ሥራ ቢነሳ ደስ ይለኛል።

ድንበሩን ስንሻገር ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ፓኪስታን ውስጥ ሺዲ ይሏቸዋል። ካራቺ ዳር፣ ማንጎፒር በሚባል ቦታ፣ የአንድ ወልይ መቃብር አለ፤ አጠገቡ ደግሞ አዞዎች የሚኖሩበት ኩሬ። ሺዲዎች በየዓመቱ ተሰብስበው ከበሮ እየመቱ ለአዞዎቹ አለቃ የአበባ ጉንጉን ያደርጉለታል፤ ሥጋና ሐልዋ ይሰጡታል። በዓሉ በጸጥታ ችግር ለዓመታት ተቋርጦ በ2017 እንደገና ተጀመረ። ሲጀመር የመጣው ሕዝብ ራሱ ሺዲው ነው። ጠሪውም ተጠሪውም እነሱ ናቸው። የሺዲ ከበሮ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ምክንያት ይመታል። ችግራቸው ሌላ ነው፤ ድህነትና የቆዳ ቀለም ንቀት እዚያም አለ። ከማኅበረሰቡ የወጣችው ታንዚላ ቃምብራኒ የሲንድ ክፍለ ሀገር ምክር ቤት የገባችው በ2018 ነው፤ ከሺዲ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና።

ስሪላንካ ደግሞ ከሁሉም የሚያሳስበው ነው። በፑታላም አጠገብ፣ ሲራምቢያዲያ መንደር፣ ከፖርቱጋሎች ጀምሮ የአውሮፓ ቅኝ ገዢዎች ካመጧቸው አፍሪካውያን የሚወለዱ ጥቂት ቤተሰቦች አሉ። ማንጃ የሚባል ዘፈን አላቸው። ቁጭ ብለው፣ ጠርሙስና ማንኪያ፣ የኮኮናት ቅርፊት እያጋጩ፣ ዝግ ብለው ጀምረው እየፈጠኑ ይሄዳሉ። ቃላቱ የድሮ የፖርቱጋል ክሪዮል (ከፖርቱጋልኛ የተወለደ ቅይጥ ቋንቋ) ናቸው። በመንደሩ ቋንቋውን ዛሬ የሚናገረው የለም ማለት ይቻላል፤ የሚኖረው ዘፈኑ ውስጥ ነው። አገሬው በየሠርጉ የሚጨፍርበት ባይላ የተባለው ሙዚቃ ከዚሁ ምንጭ የተቀዳ ነው። ምንጩን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው።

እነዚህን ሦስቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ይታየኛል። ዋናው ጥያቄ ምን ይዘፈን የሚለውን የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው። ጉጃራት ራሷ ጥሩ ማነጻጸሪያ አላት። ጋርባ፣ በናቫራትሪ በዓል ሴቶችና ወንዶች በክብ የሚጨፍሩት ጭፈራ፣ በዲሴምበር 2023 በዩኔስኮ ዝርዝር ገብቷል። ጋርባም ተነግዷል፤ ትኬት ይሸጥበታል፤ ትልልቅ ሜዳ ይከራይበታል። ሆኖም ማንም ጋርባን እንደ ባዕድ ነገር አያየውም። ሚሊዮኖች ራሳቸው ይጨፍሩታል፤ አያት ለልጅ ልጅ ታስተምረዋለች። ስለዚህ ንግዱ አልገደለውም። ዳማል ግን ባለቤቶቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ብቻ ናቸው፤ በዩኔስኮ ዝርዝርም የለም። ገበያው ትንሽ ሲያዘነብል እነሱ ብዙ ያዘነብላሉ።

ቢመዘገብስ ይጠቅማል? ትንሽ። የራጃስታን ካልቤሊያ ጭፈራ በ2010 ተመዝግቧል። ካልቤሊያዎች እባብ አጫዋቾች ነበሩ። በ1972 የወጣው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ያንን ሥራ ከለከላቸው፤ ከዚያ በኋላ የሴቶቹ ጭፈራ እንጀራቸው ሆነ። ምዝገባው ስማቸውን ከፍ አደረገ። መሬት አልሰጣቸውም፤ ቋሚ ገቢም አልሆናቸውም። ለዳማልም የወረቀት ክብር ብቻውን አይበቃም። የሚያስፈልገው ተግባራዊ ነገር ነው። የሽማግሌዎቹንና የእናቶቹን ዘፈን ከነባለቤቱ ስም መቅዳት። ቅጂው በመንደሩ ልጆች እጅ እንዲቀመጥ ማድረግ። ማሉንጋ ለሚያስተምር ሰው ደመወዝ መክፈል። ሆቴሎቹ የተቀመጠውን ዳማል ከፊት እንዲያደርጉና ምን እንደሆነ ለእንግዳው እንዲያስረዱ መጠየቅ። ልብሱን፣ ርዝመቱን፣ ዋጋውንም ሲዲዎቹ እንዲወስኑ መተው።

እኛስ? እኛም ጠሪዎች ሆነናል። ቪዲዮውን ስናጋራ ከሲዲዎች የምንጠብቀው ነገር አለ። ኢትዮጵያዊ እንዲሆኑልን እንፈልጋለን። ቱሪስቱ ላባ ይፈልጋል፤ እኛ ማሊክ አምባርን። በባባ ጎር ዘፈን ውስጥ የሐበሻ ምድር በስም አለ፤ የቢላል ፍቅር አለ፤ ይህ እውነተኛ ማሰሪያ ነው፤ ደስ ሊለን ይገባል። ግን ከበሮው የስዋሂሊ ዳርቻ ነው፤ ቀስቱ የባንቱ ሕዝቦች ነው፤ ቋንቋው ጉጃራቲ ነው፤ ሰዎቹም ህንዳውያን ናቸው። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ይዞ መቀበል ይቻላል።

የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አጥኚዎች ራታንፑር ሄደው የተቀመጠውን ዳማል ከመንዙማ ጋር አስተያይተው ቢሠሩ፣ ሥራው በሁለቱም አገር አድማጭ ያገኛል። አዲስ አበባ ላይ የህንድ ውቅያኖስ ሙዚቃ ዝግጅት የሚያስብ ሰው ካለ ደግሞ ሲዲዎችን ይጋብዝ። ሲጋብዝ ሽማግሌዎቹንና ሴቶቹን ከወጣቶቹ ጋር ይጥራ፤ ማሉንጋ ይዘው እንዲመጡ ይጠይቅ፤ ለተቀመጠው ዳማል ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይስጥ። ክፍያውን ከደላላ ጋር ሳይሆን ከራሳቸው ጋር ይነጋገር።